ቀበቶውን ጥሎ የወጣው ሻምፒዮን

እሑድ ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ካሊፎርኒያ ውስጥ አናሃይም በምትባለው ከተማ ገና ቅዳሜ ሌሊት ነበር። ፍራንሲስ ንጋኑ የተባለው ካሜሩናዊ ዩኤፍሲ በሚባለው የአሜሪካ ድብልቅ የፍልሚያ ስፖርት ድርጅት የያዘውን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ሊያስጠብቅ ወደ መድረኩ ወጣ። ከፍልሚያው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በልምምድ ላይ የአንድ እግሩ ጉልበት ተጎድቷል። አንደኛው ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፣ ሌላውም ደህና አልነበረም። ሐኪሞች ይቅርብህ ብለውታል። አማርኛችን ለእግር መታጠፊያውም ለኃይሉም አንድ ቃል ነው ያለው፤ የዚያን ሌሊት ንጋኑ አንዱ ጉልበት ከድቶት በሌላው ሊፋለም ነው የገባው።

ከፊቱ የቆመው ፈረንሳዊው ሲሪል ጋን እስከዚያ ቀን ተሸንፎ አያውቅም። ለከባድ ሚዛን ሰው በማይታመን ፍጥነት የሚንቀሳቀስ፣ እንደ ቀላል ሚዛን ተፋላሚ የሚሽከረከር ልጅ ነው። አሠልጣኙ ፈርናንድ ሎፔዝ ደግሞ በአንድ ወቅት ንጋኑን ራሱን ከፓሪስ ጎዳና አንስቶ ያሠለጠነው ሰው ነው። የሁለቱን ሰዎች ገመና አንድ አሠልጣኝ ያውቀዋል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የጋን ነበሩ። ንጋኑ እየተከተለ ይሰነዝራል፣ ጋን እየሸሸ ይመታል።

ሦስተኛው ዙር ላይ ማንም ያልጠበቀው ነገር መጣ። ዓለም በቡጢው ብቻ የሚያውቀው ሰው ጋንን ከመሬት አንስቶ ፈጠፈጠው። ከዚያ በኋላ ፍልሚያው ትግል ሆነ። መጣል፣ ከላይ መጫን፣ መያዝ፣ ጊዜ መግደል። በአምስተኛው ዙር ጋን እግሩን ጠልፎ ለመጠምዘዝ ሲሞክር እንኳ ንጋኑ አልተደናገጠም። ዳኞቹ ሦስቱም በነጥብ ለእሱ ሰጡ፤ 48 ለ47፣ 48 ለ47፣ 49 ለ46።

ቀጥሎ የሆነው ግን ከፍልሚያው በላይ ይናገራል። በዩኤፍሲ ልማድ ለአሸናፊው ቀበቶውን የሚያስታጥቀው የድርጅቱ አለቃ ዳና ዋይት ነው። የዚያን ሌሊት እሱ ወደ መድረኩ አልወጣም። ቀበቶውን ሌላ የድርጅቱ ኃላፊ አስታጠቀ። ከፍልሚያው በኋላ በተሰጠው ጋዜጣዊ መግለጫም ዋይት አልተገኘም። ምክንያቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ንጋኑ ውሉን አላድስም ብሎ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ዩኤፍሲ እንዳሰናበተውና ቀበቶው ባዶ መሆኑን አስታወቀ። ማንም ሳያሸንፈው ቀበቶውን ጥሎ የወጣ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን!

ብዙ ሰው የዚህን ስፖርት ሻምፒዮን አእምሮ ሲያስብ ፍርሃት የማያውቅ፣ ቁጣ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ይመስለዋል። የንጋኑን ጉዞ ለዓመታት ተከታትያለሁ፤ እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ከቡጢው ይልቅ እምቢታውን አጥንቶ የያዘ ሰው ነው። እምቢታውም በአንድ ቀን የመጣ አይደለም።

የተወለደው በ1986 በምዕራብ ካሜሩን፣ ባቲዬ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እናትና አባቱ ተለያይተዋል። ገና ለአቅመ አዳም ሳይደርስ በአሸዋ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ አካፋ ይዞ መኪና መጫን ጀመረ። የቀን ገቢው ሁለት ዶላር አይሞላም። አባቱ በአካባቢው የታወቀ ጉልቤ ነበር፤ በድብድብ ስሙ የገነነ፣ ሰው የሚሸሸው። ልጁም ግዝፈቱንና ክንዱን ወረሰ። ስለዚህ ሰፈሩ «ይሄም እንደ አባቱ ነው» ማለት ጀመረ። እኛም አገር ይህን ዓይነት ስም የተለጠፈበት ልጅ ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ይሆነዋል። ንጋኑ የሰፈር ቡድኖች ና ተቀላቀለን ሲሉት እምቢ አለ። የአባቱን ክንድ ይዞ የአባቱን መንገድ ላለመሄድ ቡጢን እንደ ሙያ መረጠ። የሚመኘው ማይክ ታይሰንን መሆን ነበር። በ22 ዓመቱ ዱዋላ ከተማ ውስጥ ልምምድ ጀመረ። ለቡጢ ይህ በጣም የዘገየ ዕድሜ ነው።

በ2012 ለቤተሰቡ በወጉ ሳይሰናበት ወደ ሰሜን ተነሣ። ናይጄሪያ፣ ኒጀር፣ የሰሃራ በረሃ፣ አልጄሪያ፣ ሞሮኮ። በሊቢያ በረሃ ልጁን የላከ ወይም ያጣ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ይህን መንገድ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ያውቀዋል፤ የመተማው መንገድም ሆነ የኒጀሩ መጨረሻቸው አንድ ዓይነት አሸዋ፣ አንድ ዓይነት ደላላ፣ አንድ ዓይነት ባሕር ነው። ሞሮኮ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ተንከራተተ። ገበያ ሲበተን ከተጣለው ቆሻሻ ውስጥ ምግብ ይለቅም እንደነበር፣ ለአንዲት ቲማቲም ከአይጥ ጋር ይሻማ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከሞሮኮ ጋር የምትዋሰነውን የስፔን ከተማ የሜሊያን የሽቦ አጥር ሊዘል ሲል ሰውነቱ ተቆራርጧል። በጎማ ጀልባ ባሕሩን ሊሻገር ስድስት ጊዜ ሞክሮ ስድስት ጊዜ ተመለሰ። ፖሊስ እየያዘ በረሃ ላይ ወስዶ ይጥላቸው ነበር። ሰባተኛው ላይ ተሳካ፤ ስፔን ደርሶ ሁለት ወር ገደማ ታሰረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህን ታሪክ «ከጣሩ ይደርሳል» ብለው ለወጣቶች የሚያስተምሩበት ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ስድስት ጊዜ የከሸፈበት ሰው ሰባተኛው ላይ ሊሞት ይችል ነበር። አብረውት ጀልባውን የነፉ፣ አብረውት አጥሩን የነካኩ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ናቸው። በረሃው ንጋኑን ሻምፒዮን አላደረገውም። በረሃው ሊገድለው ሞክሮ ነው ያመለጠው። ከበረሃው ይዞት የወጣው አንድ ነገር ቢኖር፣ ምንም የሌለው ሰው ሊያጣ የሚፈራው ነገር ትንሽ መሆኑን ማወቁ ነው። ይህ ዕውቀት ከዓመታት በኋላ በውል ድርድር ጠረጴዛ ላይ ዋጋ አወጣ።

በ2013 ፓሪስ ገባ። ማደሪያ ስላልነበረው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ተኛ። ቡጢ ሊማር ጂም ፈልጎ ሲሄድ ኤምኤምኤ የሚባለውን ድብልቅ የፍልሚያ ስፖርት እንዲሞክር መከሩት። ስለ ስፖርቱ ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የፈርናንድ ሎፔዝ ጂም በሩን ከፈተለት፤ እዚያው ጂም ውስጥ አደረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያ ፍልሚያውን አደረገ፣ በ2015 ታኅሣሥ ዩኤፍሲ ገባ። በሁለት ዓመት ከመኪና ማቆሚያ ወደ ዓለም ትልቁ መድረክ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ቶሎ ሆነ፤ በጣም ቶሎ። በታኅሣሥ 2017 ታዋቂውን አሊስታይር ኦቨሪምን በመጀመሪያው ዙር ከታች ወደ ላይ በወረወረው ቡጢ ሲዘርረው፣ የኦቨሪም ጭንቅላት ወደ ኋላ የሄደበት ምስል በዓለም ዞረ። ከሰባት ሳምንት በኋላ ከሻምፒዮኑ ስቲፔ ሚዮቺች ጋር ተገናኘ።

ሚዮቺችን ልብ በሉልኝ። በኦሃዮ ግዛት የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ እንኳ ፈረቃውን አልተወም። ጥር 20 ቀን 2018 ቦስተን ላይ ንጋኑ እንደለመደው በመጀመሪያው ዙር ሊጨርሰው ወጣ። ያለ የሌለ ኃይሉን ወረወረ። ሚዮቺች ጎንበስ፣ ቀና፣ ወገብ ያዝ፣ ጣል። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር የንጋኑ ትንፋሽ አልቋል፣ እጁ ከብዷል። የቀሩት ዙሮች ሁሉ እንደዚያው ሆኑ። ሦስቱም ዳኞች 50 ለ44 ጻፉ። አምስት ዙር ተፋልሞ ሁሉንም ዙሮች መሸነፍ ማለት ነው።

ሽንፈቱ ያቆሰለው ግን በሚቀጥለው ፍልሚያ ነው። ሐምሌ 2018 ከደሪክ ሉዊስ ጋር ገባ። ሁለት ከባድ ቡጢ ያላቸው ሰዎች ተያይተው ቆሙ። አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላውም ይጠብቃል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ንጋኑ ያሳረፈው 11 ጠንካራ ምት ብቻ ነው። ሕዝቡ ጮኸበት። ዳና ዋይት እብሪት አጠፋው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ንጋኑ ራሱ ከዚያ በኋላ የጻፈው ሌላ ነው፤ ካለፈው ፍልሚያ የያዘውን ፍርሃት ወደዚህኛው ተሸክሞ እንደገባ አመነ።

ይህን ማመኑ ለእኔ የዚህ ሰው ታሪክ እምብርት ነው። ሰሃራን የተሻገረ፣ ባሕሩ ላይ ሰባት ጊዜ የወጣ ሰው፣ ሐኪምና ዳኛ አጠገቡ ባሉበት መድረክ ላይ ፈራ። እንዴት? በረሃው ላይ የሚያጣው ነገር አልነበረውም። ከቦስተን በኋላ ግን ስም ነበረው፣ ተስፋ ነበረው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንፋሹ እንዴት እንደሚከዳው አውቋል። የሚያስፈራው የሉዊስ ቡጢ ብቻ አልነበረም፤ የራሱ ሳንባ ጭምር ነው። ብወረውር አልቃለሁ፣ ካለቅሁ እዋረዳለሁ። እንዲህ የሚያስብ ሰው እጁ አይፈታም። በሙያው ያሉ አሠልጣኞች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ተፋላሚን የሚያስረው የሰውነት ቁስል ሳይሆን ያልተፈታ ትዝታ ነው።

ፈውሱም ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ እንጂ ተአምር አልነበረም። ላስ ቬጋስ ላይ ከአሠልጣኙ ኤሪክ ኒክሲክ ጋር ሆኖ ለራሱ የሚያፍርበትን ነገር ከሥሩ መማር ጀመረ፦ ትግል፣ አተነፋፈስ፣ መቼ መሰንዘር እንዳለበትና መቼ ዝም ማለት እንዳለበት። በሥራው ላይ ሰው ሁሉ የሚያደንቅለትን ነገር ትቶ የማይችለውን መለማመድ ከባድ ነው፤ ለ120 ኪሎ ግዙፍ ደግሞ ከእሱ በሚያንሱ ተፋላሚዎች መሬት ላይ መገለባበጥ ክብር ይነካል። እሱ ተገለባበጠ። ከዚያ የመጡት አራት ፍልሚያዎች 45 ሰከንድ፣ 26 ሰከንድ፣ 71 ሰከንድና 20 ሰከንድ ፈጁ። አራቱ ተደምረው ሦስት ደቂቃ አይሞሉም።

መጋቢት 27 ቀን 2021 እንደገና ሚዮቺች ፊት ቆመ። ያ የቦስተኑ ሰው አልነበረም። አልተጣደፈም። ሚዮቺች ሊጥለው ሲመጣ ተከላክሎ መታው፤ በሁለተኛው ዙር 52ኛ ሰከንድ ላይ በዝረራ ጨረሰው። በዚያን ወቅት ናይጄሪያ የተወለዱት ካማሩ ኡስማንና እስራኤል አዴሳንያም የየሚዛናቸው ሻምፒዮኖች ነበሩ። ሦስት አፍሪካውያን ሦስት ቀበቶ ይዘው። ንጋኑ ቀበቶውን ይዞ ካሜሩን ሲመለስ ሕዝቡ በመንገድ ግራና ቀኝ ወጥቶ ተቀበለው።

እዚህ ጋ የስፖርቱ ታሪክ ወደ እንጀራ ታሪክ ይዞራል። ለምን እምቢ እንዳለ ለመረዳት ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከፈል ማወቅ ያስፈልጋል።

በቡጢ ስፖርት ቀበቶው የአዘጋጁ አይደለም። ደብልዩቢሲ፣ ደብልዩቢኤ፣ አይቢኤፍና ደብልዩቢኦ የሚባሉ የተለዩ አካላት ናቸው የሚሰጡት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ በሙሐመድ አሊ ስም የተሰየመ ሕግ ቡጢኞችን ከአስገዳጅ ውሎች ይከላከላል። ኤምኤምኤ በዚህ ሕግ አልተካተተም። በዩኤፍሲ ቀበቶውም፣ ደረጃ አሰጣጡም፣ ማን ከማን እንደሚፋለምም፣ ክፍያውም በአንድ ድርጅት እጅ ነው። ተፋላሚው ተቀጣሪ አይባልም፤ ራሱን የቻለ ተዋዋይ ነው፤ ስለዚህ የጡረታም የመደበኛ ጤና ዋስትናም መብት የለውም፣ ማኅበርም የለም። ግን ራሱን የቻለ ነው የተባለው ሰው ሌላ ቦታ መፋለም አይችልም፣ የሚለብሰውን እንኳ ድርጅቱ ነው የሚመርጥለት። ሻምፒዮን ከሆነ ደግሞ ውሉ ባለቀ ጊዜ በራሱ የሚራዘምበት አንቀጽ አለ። ማሸነፍ ማሰሪያ የሚሆንበት ሥራ!

በፍርድ ቤት ክርክር ይፋ የወጡ ሰነዶች እንዳሳዩት የዩኤፍሲ ተፋላሚዎች በጥቅል የሚደርሳቸው ከድርጅቱ ገቢ ከአንድ አምስተኛ አይበልጥም ነበር። በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ግማሽ ገደማውን ይወስዳሉ። ልዩነቱ የተጫዋቾቹ ጉብዝና አይደለም፤ እነዚያ ማኅበር አላቸው፣ በጋራ ይደራደራሉ።

ንጋኑ የጠየቀው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይስማሙ ነበር። ዋይት በኋላ እንደተናገረው በድርጅቱ ታሪክ ለከባድ ሚዛን ተፋላሚ ያልተሰጠ ትልቅ ክፍያ አቅርቦለት ነበር። ንጋኑ የጠየቀው ግን ለተፋላሚዎች የጤና ዋስትና፣ የራስን ስፖንሰር የመያዝ መብትና በድርጅቱ ስብሰባ ላይ ስለ ተፋላሚዎች የሚናገር ተወካይ ነበር። ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሌሎችም የሚተርፍ ጥያቄ ነው ያቀረበው። አልተሰጠውም። ውሉ ውስጥ ከአምስት ዓመት በኋላ ነጻ የሚያወጣው ገደብ ስለነበር ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ጉልበቱን ቀዶ ጥገና አስደርጎ፣ ምንም ሳይፋለም፣ ገቢ ሳያገኝ ቀኑን ቆጠረ። አናሃይም ላይ በተበጠሰ ጅማት የወጣውም ለዚሁ ነው። ያን ሌሊት ቢሸነፍ ወይም ቢቀር ኖሮ እምቢታው ዋጋ አይኖረውም ነበር። ተሸንፎ እምቢ ያለን ሰው ማን ይሰማዋል?

ሰው ሁሉ አበደ አለው። በግንቦት 2023 ፒኤፍኤል ከሚባለው ተፎካካሪ ድርጅት ጋር ፈረመ፤ የአፍሪካው ዘርፍ ሊቀመንበርነትና የባለቤትነት ድርሻ ያለበት ውል ነው፣ ቡጢም መጫወት ተፈቅዶለታል። እኔን ልቤን የነካኝ አንቀጽ ግን ሌላ ነው፦ ከእሱ ጋር የሚፋለም ሰው ቢያንስ ሁለት ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈለው አስገብቷል። ሊመታው ለሚመጣው ሰው እንጀራ የተደራደረ ተፋላሚ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ጥቅምት 28 ቀን 2023 ሪያድ ላይ ከደብልዩቢሲው ሻምፒዮን ታይሰን ፉሪ ጋር ቡጢ ገጠመ። የመጀመሪያው የሙያ ቡጢ ውድድሩ ነበር። ካሠለጠኑት አንዱ ባቲዬ ሆኖ ሲመኘው ያደገው ማይክ ታይሰን ነው። በሦስተኛው ዙር በግራ እጁ ፉሪን መሬት ላይ አስቀመጠው። ከአሥር ዙር በኋላ ዳኞች ተከፋፍለው ለፉሪ ፈረዱ፤ ያየ ሰው ግን እስካሁን ይከራከራል። ከዚያ አንድ ምሽት ያገኘው ገንዘብ በዩኤፍሲ ዘመኑ ሁሉ ካገኘው እንደሚበልጥ ራሱ ተናግሯል። በመጋቢት 2024 በሌላ የቡጢ ውድድር አንቶኒ ጆሹዋ የተባለው ቡጢኛ በሁለተኛው ዙር ክፉኛ ዘረረው። ይህ ሽንፈት እንደ ሉዊሱ አላሰረውም፤ እንዴት እንደሚሸነፍ ተምሯልና።

የሚቀጥለውን ግን ማንም አይማረውም። በሚያዝያ 2024 ልጁ ኮቤ በ15 ወሩ አረፈ። ንጋኑ በአደባባይ ኀዘኑን ገለጠ። ወራት ቆይቶ ጥቅምት 19 ቀን 2024 ሪያድ ላይ ከብራዚላዊው ግዙፍ ሬናን ፌሬይራ ጋር ገጠመ፤ በመጀመሪያው ዙር ጨረሰው። እጁን አንስቶ አልጨፈረም። አለቀሰ፣ ድሉ የልጁ መታሰቢያ መሆኑን ተናገረ። ያን ቪዲዮ ሁለት ጊዜ ማየት አልቻልኩም።

ከእሱ መውጣት በኋላ በውሎቹ ላይ የተነሣው ክርክር አልቆመም። በ2014 በተፋላሚዎች የተከፈተው የገበያ ሞኖፖል ክስ በ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጭቶ በየካቲት 2025 ፍርድ ቤት አጸደቀው። ከዚያ በፊት የቀረበውን 335 ሚሊዮን ዳኛው አልቀበልም ብለው ነበር። በነሐሴ 2025 ደግሞ ዩኤፍሲ ፓራማውንት ከሚባለው የሚዲያ ድርጅት ጋር የሰባት ዓመት የሥርጭት ውል ተፈራረመ፤ 7.7 ቢሊዮን ዶላር። በዓመት 1.1 ቢሊዮን ነው። የአሥር ዓመት የክስ ካሣ የአንድ ዓመት የሥርጭት ገቢ ሲሶ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። ሌላ ክስ በ2021 ተከፍቷል፤ ይህኛው ከሐምሌ 2017 ወዲህ የተፋለሙትን ይመለከታል። የንጋኑ ትልልቅ ፍልሚያዎች ሁሉ በዚህ ዘመን ውስጥ ይወድቃሉ።

ባቲዬ ውስጥ በስሙ ያቋቋመው ድርጅት የሠራው ጂም አለ። እሱ በልጅነቱ አካፋ ይዞ በዋለበት ከተማ ዛሬ ልጆች ጓንት ያጠልቃሉ። ከእነሱ አንዱ ነገ ዩኤፍሲ ቢደርስ የሚፈርመው ውል ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚወስኑት ሰዎች በዚያ ክስ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል።